የተራበ እርሾ

የበደለችኝ አሠሪዬ መዳሜ አይደለችም፤ የአገሬ ልጅ ናት። ዐረብ አገር፣ ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ፣ ለመዳሜ እህት ትሠራ የነበረችው። የበደለችኝም ለእረፍት ከሄድንባት ከአቃባ ከተማ በተመለስን ማግስት ነው።

መዳሜ ለበን፣ እርጎ ማለት ነው፣ ከሱቅ አትገዛም። ከእናቷ የወረሰችው እርሾ አላት። እሱን ወተት ላይ ጠብ አድርጎ ማሳደር የእኔ ሥራ ነበር። እኔም እንዳደግሁበት ማሰሮውን በወይራ ጭስ አጥነዋለሁ፤ ወይራው ከግቢው አለ። መዳሜ ሽታውን ወዳው ነበር።

አቃባ ስንሰነብት እርሾው ፍሪጅ ውስጥ ወተት ሳያገኝ ከረመ። ተመልሰን ባሳደርኩት ጊዜ ወተቱ አልረጋ አለ።

የላይኛዋ ልጅ እኛ ወጥ ቤት ቆማ አየችው። እኔ እየሰማሁ፣ ለመዳሜ በዐረብኛ፣ "በጭስ ገደለችው። አገራችን ደግሞ ጭስ ለወተት ብቻ አይደለም" አለች።

"ሲሕር?" አለች መዳሜ። ድግምት ማለቷ ነው። በዚህች ቃል ከቤት ተባረው አገራቸው የተላኩ ሴቶች አውቃለሁ።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አልኳት በአማርኛ።

"እትዬ ደግሞ! ቀልዴን እኮ ነው።" ሳቀች። ቀልድ መሆኑን ግን በዐረብኛ አልተናገረችም።

የመዳሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው በዓይን ስለማይታዩ ሕያዋን ነው። እርሾውን አሸተተችና "አልሞቱም ኻልቶ፣ ርቧቸው ነው" አለችኝ። አክስቴ ማለቷ ነው። ሁለት ማሰሮ አስቀረበችኝ፤ አንዱን አጠንኩ፣ አንዱን ተውኩ። ከዚያው እርሾ ጨመርንባቸው። ሁለቱም እኩል ዘገዩ፣ በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ረጉ።

መዳሜ አይታ "ኻላስ" አለች፣ በቃ ማለቷ ነው።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። "ሲርባቸው ቀስ ማለት ይማራሉ?" አልኳት ልጅቷን።

"አይማሩም። ከመካከላቸው ቶሎ የሚበሉ፣ ቶሎ የሚራቡ አሉ፤ ምግብ ሲጠፋ እነሱ ቀድመው ያልቃሉ። ትንሽ ኃይል የሚያወጡት ይተርፋሉ፣ ቀጥሎ የሚወለዱትም የእነሱ ልጆች ናቸው። ከባሕር ወለል በታች፣ ጭቃው ውስጥ፣ ምግብ እምብዛም የማይደርሳቸው አሉ። ያገኙትን ኃይል ራሳቸውን መጠገኛ ያደርጉታል፤ መባዛት ቅንጦት ነው።"

"ወተት ሲበዛላቸውስ?"

"ያኔ ፈጣኖቹ ይቀድማሉ።"

በየቀኑ ትኩስ ወተት እየሰጠሁ አየሁ። እያደር እርጎው ቶሎ መርጋት ጀመረ። እየሠራሁ አስበው ነበር፤ ጥጋብም ረሃብም እየመረጠ ሌላ ዘር እንደሚያወጣ። ስለ ሰው ግን አልጠየቅኳትም።

ከጊዜ በኋላ የመዳሜ እህት ወደ ውጭ አገር ሄደች፣ የላይኛዋም የምትሠራበት ቤት አጣች። ስዌይለህ የሚባል ሰፈር ያለች የመዳሜ ጓደኛ ሠራተኛ ፈልጋ ኖሮ መዳሜ ጠራችኝ።

"ያቺ የአገርሽ ልጅ ጥሩ ናት?"

"አላውቃትም" አልኩ።