ከጎታው ጀርባ ያለው ክብ

ልጄ እርሳሷን ቀርጻ፣ ክብ ውስጥ «ቤተሰቤ» ብላ ጻፈችና ዙሪያውን መስመር ትስብ ጀመር። የተቀረጸው እንጨት ሲሸተኝ የልጅነት ትምህርት ቤቴ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መምህራችንም እንዲሁ አስለውን ነበር። «ሐሳባችሁ ወደመራችሁ መስመር ሳቡ» አሉን። እኔ መሐል ላይ «ቤታችን» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ወደ ጓዳው፣ ከጓዳው ወደ እህል ጎታው፣ ከጎታው ደግሞ ጀርባው ወደሚያድረው አጎቴ ሳብሁ። ስሙንም አሳምሬ ጻፍሁት።

ማታ ለአባዬ ሳሳየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን አየብሽ?»

«ሁሉም። መምህራችን ሸጋ ነው ብለው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ዋለ። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ልጅማ ጮክ ብሎ አነበበው።»

አባዬ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለው ሐሳብ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጥ» አለኝ። አልቆጣኝም። አጎቴ ራቱን ሳይበላ በጓሮ በር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም።

«እማዬ፣ አንቺ አጎት የለሽም?» አለች ልጄ፣ እርሳሷን እንዳነሳች።

«ነበረኝ። ክብ ሳዪለት» አልኋት። «ስሙን ግን አትጻፊ።»