የፍስክ ረቡዕ

ቦጋለ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። ግድግዳ ስለምንጋራ ሳል እንኳ ሲያስለው እሰማለሁ። ቁጡ ሰው ነው፤ ረዳቱን ይቆጣል፣ ተሳፋሪውን ይቆጣል፣ የቆመ መኪና ሳይቀር ይቆጣል። ልጁ ሩታ ፊት ሲደርስ ብቻ ድምፁ ይለሰልሳል።

ሩታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በዘንድሮው ሁዳዴ ሰፈሩ ሁሉ ስሟን በበጎ ሲያነሳ ከረመ። ቀኑን ሙሉ ሳትቀምስ ትውላለች፤ ማታም አንድ ሁለቴ ጎርሳ ትነሳለች። ፊቷ እየገረጣ፣ ቀሚሷ እየሰፋት ሲሄድ እናቷ ንግሥት «ከእኔ ቤት መናኝ ወጣ!» ትል ነበር። ሰው እንዲሁ ሲከሳ ሐኪም ይፈለግለታል፤ በጾም የከሳ ግን ይመረቃል። ይኸው ነው ነገራችን።

ፋሲካ መጣ። ሩታ ዶሮውን ለሁሉም አቀረበች፤ እሷ ግን ወዲያ ወዲህ ስትል ሳትቀመጥ ዋለች። ሲጠይቋት «ሆዴ ገና አልለመደም» አለች። እውነት መሰለ።

በሳምንቱ ረቡዕ ቦጋለ ለምሳ ቤት ገባ። ንግሥት ጥብስ አቀረበች።

«እኔ አልበላም» አለች ሩታ። «ረቡዕ አይደል? እየጾምኩ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገችው ሩታ ቀርታ፣ ቤተ ክርስቲያን በዓመት በዓል ብቻ የሚስመው ቦጋለም ያውቀዋል።

«የምን ጾም?» አለ።

«ስእለት አለብኝ።»

«በፍስክ? ማነው የፈቀደልሽ?»

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ቦጋለ ጠቅልሎ ወደ አፏ አስጠጋ። ከንፈሯን ገጠመች።

«ብዪ! ሩታ፣ ብዪ ነው የምልሽ!»

ጩኸቱን ስሰማ ሮጬ ገባሁ። ቦጋለ ክንዷን ጨብጧል፤ የእጁ ጣቶች ዙሪያውን ዞረው ተገናኝተዋል። ይህን ሲያይ ለቀቃት። ጉርሻው መሬት ወደቀ። ያን ሰው ፈርቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔም ፈራሁ።

ፊት ለፊቷ ቁጭ አለና ቀስ ብሎ ጠየቃት፤ «አልበላም ነው ወይስ መብላት አቃተሽ?»

ሩታ ማልቀስ ጀመረች። «አቃተኝ አባዬ። ምግብ ሲቀርብ ልቤ ይመታል። ከበላሁ ደግሞ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጾም ነበር፤ እ... ማለቴ፣ በቃ ማቆም አልቻልኩም። ትላንት ደረጃ ላይ አዙሮኝ ወደቅኩ።»

ንግሥት ነጠላዋን አነሳች። «ተነሱ፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል እንውሰዳት!» ቦጋለ ለንስሐ አባታቸው ለአባ ዘርዓብሩክ ደወለ። እሳቸውም ነገሩን እንደሰሙ «ጠበሉ የትም አይሄድም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት አድርሷት» አሉ። ሚኒባሱን አስነሳ፤ እኔም ሩታን አቅፌ ኋላ ተቀመጥኩ። ሰውነቷ ይበርዳል። እስክንደርስ ድረስ ስሟን እየጠራሁ አስወራኋት፤ እንቅልፍ ወስዷት የማትነቃ መስሎኝ።

ሐኪሟ ራኬብ የምትባል ወጣት ናት። መርምራት ስታበቃ ፊቷ ተለወጠ።

«ልቧ ከሚገባው በላይ ቀስ እያለ ነው የሚመታው። ዛሬ መተኛት አለባት። የሥነ አእምሮ ሐኪምም ያያታል።»

«ልጄ አላበደችም!» አለች ንግሥት።

«አላበደችም እናቴ፤ ታማለች። የአመጋገብ ሕመም ነው፤ ይታከማል።» ወደ ቦጋለ ዞረች። «በግድ ማጉረስ ግን መድኃኒት አይደለም።»

ሩታ ከአልጋው ጫፍ ተነሳች። «ቤት እበላለሁ። ቃል እገባለሁ። እንሂድ።»

ንግሥት ይህን ስትጠብቅ ነበር፤ ወዲያው ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ሐኪሟ ቦጋለን አየችው። ንግሥትን ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ።

«ንግሥት፣ ቦርሳውን አስቀምጪ።» ወደ ልጁ ተጠጋ። «ተሸክሜ ላስተኛሽ እችል ነበር፤ አላደርገውም። እሺ በይኝ፣ ልጄ። እንዳትሞቺብኝ ፈርቻለሁ።»

ሩታ በሩን አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ምግቡ ሲመጣ አጠገቤ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

«ብዪ ሳትለኝ?»

ቦጋለ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሩታ ተቀመጠችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።