ባለ ሦስት ጊጋኸርዙ ማሽን

ሶዶ ኮምፒውተር ሳስተምር ከሁሉ የሚያበሽቀኝ፣ ሰው ሁሉ ጊጋኸርዝ እየጠራ መፎከሩ ነበር። አስተማሪው ሳይቀር ቁጥሩን አይቶ «ፈጣኑ ይሄ ነው» ይላል። ጊጋኸርዝ እኮ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ብቻ ነው የሚናገረው፤ በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ የሚወስነው የውስጥ አሠራሩ ነው።

አንድ ቀን ተማሪዎቼ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ አንዱ አሮጌ ባለ 3 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው አዲስ ባለ 1.8። ሁለቱም አንድ ዓይነት ትልቅ ፋይል ጨምቀው ዚፕ እንዲያደርጉ አዘዝኳቸው። ባለ 1.8ቱ ጨርሶ አሮጌው ገና ፋኑ ይጮሃል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከጠበላ ከተማ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም።

«ቲቸር፣ እንደ ቁፋሮ ነው ማለት ነው» አለች። «ዶማ ቶሎ ቶሎ ያነሣ ሁሉ ብዙ አፈር አይገለብጥም።»

እንደዚያ ቀን ማስተማር ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የማጠቃለያው ፈተና ግን ከነመልስ ቁልፉ ተዘጋጅቶ ነው የመጣልን። «ባለ 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ምንጊዜም ከባለ 1.8 ይፈጥናል» ይላል፤ ቁልፉ ደግሞ «እውነት»። ልጅቷ «ሐሰት» ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት የዶማውን ነገር ከጎኑ ጽፋለች። ሲስቁ ከነበሩት ብዙዎቹ «እውነት» ብለው ነጥቡን አገኙ። የእሷን ስደምር ለማለፍ የጎደላት ይህችው አንዲት ጥያቄ ሆነች። ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ሄድኩ።

«ቁልፉ የሚለውን አርም» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ማሽኖቹ እዚያው ናቸው፤ ይምጡና ላሳይዎት።»

«ባለፈው ግምገማ የተባልከውን ረሳኸው? አሁን ደግሞ ቁልፍ ቀየረ ይባልልህ?»

ባለፈው ግምገማ «አመለካከቱ ይስተካከል» ተብሎ ተጽፎብኛል። ከተደገመ ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለደመወዜ ሆንኩ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩባት።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ወረቀቷን ይዛ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸችብኝ።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ምኑን ነው የሳትኩት?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ያኔ ሲያሳዩን በደንብ አልገባኝም ነበር ማለት ነው» ብላኝ ወጣች።