የሙሌ ሥዕል ግልባጭ

ሰብሌ እንጉዳይ ስትሥል ከሆዱ ትጀምራለች። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ቆቡን ነው፤ ክብነቱን፣ ቀለሙን፣ ዝናብ ያወዛውን ጫፉን። እሷ ግን በቢላዋ ከሥሩ ነቅላ በጀርባው ታስተኛውና ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩትን ስስ ክንፎች አንድ በአንድ በእርሳስ ታሰፍራቸዋለች። ያንን ሳትጨርስ ወደ ላይኛው ፊት አትሄድም፤ የውሃ ቀለሟንም አትከፍትም። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ የጠየቃት ሰው የለም። ቢጠይቃትም አትናገርም ነበር።

ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ደብዳቤ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ግልባጩን በየፋይሉ ታስገባለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ከእናቷ ከበላይነሽ ጋር፣ አባቷ ትተውት በሞቱት ቤት ትኖራለች። ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ (እዚህ አገር ዝናቡ ቀጠን ይላል እንጂ አይቆምም) ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቲዋን አጥልቃ ከሠፈሩ በታች ወዳለው ጫካ ትወርዳለች። በወደቀ ግንድ ላይ፣ በቡና እግር ሥር፣ በበሰበሰ ቅጠል መሀል ያገኘችውን ሁሉ ትሥላለች። ቢጫውን፣ እንደ ጆሮ የተጠቀለለውን፣ ሲነኩት ወደ ጥቁር የሚዞረውን። ሥዕሎቿን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጋ አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች። ካደገች ወዲህ አንድ ዓይነት ብቻ ሥላ አታውቅም። ነጩን። ቆቡ ላይ ቡናማ ቅርፊት የሚበትነውን፣ እንደ ሰሐን ሰፊውን። በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥርና በየሜዳው ስለሚበቅል ለማግኘት ጫካ መውረድ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ባየችው ቁጥር ዞራ ታልፈዋለች።

ዘንድሮ በጥቅምት መጀመሪያ እናቷ ከግድግዳው ላይ አንድ ትንሽ ፍሬም አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ጠራቻት።

«ሰብሌ፣ ነይ እስቲ እይው። ሻጋታው ገባበት።»

በመስታወቱ ውስጥ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነጭ እንጉዳይ፤ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቃል። ወረቀቱ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ ከታች በኩል ደግሞ ቡናማ እድፍ ጎን ለጎን ተስቦበታል።

«እንዳለ ሳይጠፋ አንቺ ገልብጪልኝ» አለች እናቷ። «እጅሽ ጥሩ ነው ይላሉ። ልክ እንደሱ አድርገሽ።»

«እሺ እማዬ» አለች ሰብሌ።

ይህ ወረቀት ለሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳው ላይ የኖረው ሙሌ የሣለው ተብሎ ነው። ሙሌ የሰብሌ ታናሽ ወንድም ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ሞተ። ከልብሱ አንዱን ለጎረቤት ልጅ ሰጡት፣ ሌላውን ለብሶ ተቀበረ። ፎቶ አልነበረውም። አባታቸው ቦርሳውን ሲፈትሹ ይህን ወረቀት ደብተሩ መሀል አገኙት፤ እናቱ ያን ቀን ይዛው አደረች። በወሩ ከጅማ ፍሬም አስመጥታ አስገባችው። እናቷ ኮረሪማ ትቸረችር ነበርና ሚዛን እንጂ ፊደል አታውቅም። ግን ያኔ «ምን ይላል?» ብላ ሰብሌን ጠይቃ ነበር።

«እንጉዳይ ይላል።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከወንበሯ ሳትነሳ ቀና ትልና ቀኝ እጇን ዘርግታ አንድ ፊደል ለአንድ ጣት እያደረገች ትቆጥረዋለች። እ፣ ን፣ ጉ፣ ዳ፣ ይ። ማንበብ አልነበረም። አምስት ጣት፣ አምስት ፊደል፤ ልጇ በእጁ የሠራው።

ልጇ ግን አልሠራውም ነበር።

በማግስቱ ሰብሌ ከሥራ ስትወጣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሚፍታህ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎራ አለች። ጋሽ ሚፍታህ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሆነው ገና ከሩቅ አዩዋት።

«መጣች የጅብ ሠዓሊ» አሉ። «ዘንድሮም ለጅቡ ጥላ ልትገዢለት ነው? እኔ ጥላ አጥቼ እዚህ ስበሰብስ።»

«ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ምን ያበሰብስዎታል ጋሽ ሚፍታህ?»

«ቀና በይና ጣሪያውን እይዋ። ውሃ ቀለም ከዚህ ይልቅ ከላይ በነፃ ነው የሚወርደው።»

አገሩ ሁሉ እንደሚለው ነው የሚሉት። የሚበላውን እንጉዳይ ይሉታል፤ የማይበላው ሁሉ፣ ምን ቢያምር፣ የጅብ ጥላ ነው። ሰብሌ ሳቅ ብላ ወፍራም ወረቀትና አንድ አረንጓዴ ቀለም ጠየቀች።

«ወፍራሙን ለምን ፈለግሽው?»

«ለእማዬ ነው። የሙሌን ሥዕል ገልብጪልኝ ብላኝ።»

ጋሽ ሚፍታህ እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ያ ልጅ» አሉ። «ያኔ የቀለም ሣጥኑን ከእኔ ነበር የገዛችሁት። በሦስተኛው ቀን ባዶዋን ጉድጓድ በጣቱ እያሳየኝ መጣ። ‹አረንጓዴዋ አልቃለች፣ እሷን ብቻ ስጠኝ› አለኝ። ነጠላ አልሸጥም ብዬ መለስኩት።» አረንጓዴዋን ከመደርደሪያው አውርደው በወረቀት ጠቀለሉላት። «አሁን ነጠላ እሸጣለሁ።»

ሰብሌ አመስግና ወጣች። በባጃጅ ልትሄድ አስባ ነበር፤ በእግሯ ሄደች።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባታቸው ሜዳ ላይ የበቀለ ነገር እንዳይነኩ አጥብቀው ይቆጡ ነበርና ነጩን እንጉዳይ ስትሥል አልነካችውም፤ ተንበርክካ ከላይ እያየች ሣለችው። ሣሩን ሁሉ በአረንጓዴው ሞክራ ሳይሳካላት በሌላ ወረቀት ላይ ቀለሙን ጨረሰችው። በመጨረሻው ወረቀት ላይ ግን፣ ሣር ባይኖረውም፣ እንጉዳዩ አማረላት። እንደዚያ አምሮላት አያውቅም። ከሥሩ ስሙን ልትጽፍ ስትል የጅብ ጥላ መሆን አለመሆኑን አታውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለገችም። እንዲህ ባማረ ሥዕል ሥር ጅብ መጻፍ አስጠላት። እንጉዳይ ብላ ጻፈች።

ሙሌ ስጪኝ ብሎ ለቅሶ ጀመረ፤ ሰጠችው። አንደኛ ክፍል ገብቶ ፊደል እየቆጠረ ነበርና ሁለት ቀን ሙሉ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ሲገጣጥም ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን፣ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በር ላይ ጠበቃት።

«አነበብኩት» አላት። «እን-ጉ-ዳ-ይ። ሥዕሉን ይዤ ሄጄ ራሱን አገኘሁት። ጠብሼ በላሁት። ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ እሳት ነክቼ ነው።»

«አልነግርም» አለች።

ማታ አስመለሰው። ከዚያ ሆዱ ተለቀቀ። ያን ሰሞን በሠፈሩ የተቅማጥ በሽታ ነበርና ሁሉም ያንኑ አሰበ። ሰብሌ እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሁለት ጊዜም እናቷ «ዞር በይ፣ አየር እንዲያገኝ» አለቻት። ሲነጋ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ተሸክመውት ወጡ። ከቀትር በፊት ተመልሰው መጡ።

ቢጠይቋት ኖሮ ትናገር ነበር ብላ ለራሷ ስትነግር ኖራለች። የጠየቃት አልነበረም።

ቅዳሜ ሲደርስ ጫካ አልወረደችም። የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሄዳ ነጩ እንጉዳይ በርከት ብሎ ከበቀለበት ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብላ ነካችው። ትንሹን ነቀለችና ገለበጠችው፤ ሆዱ ነጭ ነበር። ያኔ የሣለችው ግን ትንሽ አልነበረም፤ እንደ ሰሐን የተዘረጋ ነበር። ትልቁን ነቀለች። ገለበጠችው። ከሥሩ ያሉት ክንፎች አረንጓዴ ነበሩ፤ የቆየ ውሃ የሚመስል፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ። ቤት ወስዳ ቆቡን ነጭ ወረቀት ላይ ደፍታ አሳደረችው። ጠዋት ስታነሳው በወረቀቱ ላይ በክብ የወረደው ዱቄትም አረንጓዴ ነበር። የጅብ ጥላ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጣት ከጫፉ አስገብቶ ቀና ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ይህን ማንም ልጅ ያየዋል።

እሑድን ሙሉ ሣለችው። ከፍሬሙ ያወጣችውን አሮጌ ወረቀት ከጎኗ አድርጋ የእርሳሱን መስመር ልክ በልክ ገለበጠች፤ የልጅነት እጇን ስህተት ሳይቀር፣ ጠማማውን አንገት ሳይቀር። ሻጋታውን ተወችው፣ የታችኛውንም እድፍ ተወችው። ቆቡን በቀጭን ውሃ ካለበሰች በኋላ ጥላው ያረፈበትን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጋ ያን አረንጓዴ ብልጭ አደረገችበት። ከዚያ ቃሉ ቀረ። እርሳሱን ቀረጸች። «እ» ብላ ልትጀምር ወረቀቱን ነካችው፤ እጇ አልሄደም። ያንን ቃል ከዚያ እንጉዳይ ሥር ሁለተኛ ጊዜ መጻፍ አልቻለችም። እማዬ እንደሆነች አታነብም፣ አለች በልቧ። «የጅብ ጥላ» ብላ ጻፈች። ፊደሉም አምስት ነው።

እናቷ አዲሱን ሥዕል ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ያምራል» አለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሀል። እዚያ ላይ ቆመች። እንደገና ከአውራ ጣት ጀመረች፤ እንደገና መሀል ጣቷ ላይ ቆመች።

«ይሄ መሀሉ ተለያይቷል» አለች። «የሙሌ አንድ ላይ የተያያዘ ነበር።»

ወረቀቱን ወደ ሰብሌ አዞረችው።

«ምን ይላል?»

«የጅብ ጥላ።»

«ልጄ እንጉዳይ ነው ያለው። ምነው፣ የእሱን አፍ ትለውጫለሽ?»

«እሱ አይደለም ያለው እማዬ። እኔ ነኝ።»

አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ራሱ መጣ። ሥዕሉ የማን እንደነበር፣ ቃሉን ለምን እንደጻፈች፣ ሙሌ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳላት፣ እግሩ ሥር ተቀምጣ ምን እንዳልተናገረች። ስትናገር አላለቀሰችም፤ መዝገብ ቤት ደብዳቤ እንደምታነብ በተራ በተራ ተናገረች። እናቴ ትቆጣኛለች፣ ትረግመኛለች፣ ትመታኛለች ብላ ስትጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እናቷ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገችም። ባዶውን ፍሬም ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን ስትዳስስ ቆየች።

«እንግዲያ የእሱ እጅ የነካው ነገር የለኝማ» አለች በመጨረሻ።

ሰብሌ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ወደ አሮጌው ወረቀት ዞረች። ሻጋታው። ጠማማው አንገት። የታችኛው ቡናማ እድፍ። እድፉ እንደ ሻጋታ ነጠብጣብ አልነበረም፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተጎተተ ነበር፣ በትንሽ ጣት ስፋት፣ አራት አምስት ጊዜ። ጫፉ ላይ የደረቀ ክር የሚመስል ነገር ተጣብቆበታል። ሰብሌ ቅጠል ወረቀት ላይ ሲታሽ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ በመጀመሪያው ቀን ከማንኛውም ቀለም ይበልጥ አረንጓዴ ነው፣ ሲሰነብት ቡናማ ይሆናል። ጋሽ ሚፍታህ ባዶ እጁን የመለሱት ልጅ ወደ ቤት ሲመለስ በሜዳው ነው የሚያልፈው።

«እማዬ» አለች እድፉን እያሳየቻት። «ሣሩን እሱ ነው የሠራው። ቀለሙ አልቆበት ነው፣ እውነተኛ ሣር አሽቶበት። ይኸው ጣቱ። እኔ እድፍ መስሎኝ ተውኩት።»

እናቷ ወረቀቱን ወሰደች። ፊቷን አስጠጋችበት። አመልካች ጣቷን በአንደኛው ጭረት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ጣቷ ከጭረቱ ሰፋ። በትንሿ ጣቷ ሞከረች።

ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው። እንጉዳዩና ቃሉ ወደ ኋላ እንዲሄዱ፣ ከፊት ቡናማው መስመር ብቻ እንዲቀር አድርጋ አጠፈችው። በመዳፏ ተጭና ፍሬሙ ውስጥ አስገባችው፣ ራሷ ተነስታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። አዲሱን ሥዕል አላነሳችውም፣ አልገፋችውምም። ጠረጴዛው ላይ ሰነበተና ሰብሌ አንድ ቀን ወስዳ ሣጥኗ ውስጥ ከሌሎቹ በታች አደረገችው።

ስለ ነገሩ ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱም። እናቷ «እራት በልተሻል?» ትላለች፤ እሷም «በልቻለሁ» ትላለች። ማታ እናቷ ከወንበሯ ቀና ስትል እጇ እንደ ልማዱ ይዘረጋል፤ አምስቱም ጣቶች ይከፈታሉ። የሚቆጠር የለም። እጇ ትንሽ አየር ላይ ይቆይና ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ይወርዳል።