ፋ የሌለው ጊታር

እኔ በዚህች ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር በእጄ ገጣጥሜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞተ። ሌላው ጥርሱ ስላለቀ አፉን ከፍቶ መሳቅ ያሳፍረዋል። ስለዚህ አሁን በነፃነት መጻፍ እችላለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። በድሬዳዋ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የእኛም እንደ ሌሎቹ ነበር፤ ማለትም መጥፎ። አንድ አኮርዲዮን፣ ሁለት ከበሮ፣ ስለ ምርት ዕድገት እየዘፈኑ ተርበው የሚጨፍሩ ወጣቶች፣ እና አንድ ጊታሪስት። ይኸው ጊታሪስት አንድ ቀን ከነጊታሩ የጅቡቲን ባቡር ተሳፈረና በዚያው ቀረ። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ "ከሃዲ" ብሎ ረገመው። እኔ በልቤ መረቅኩት። ቦታው ተለቅቋላ!

ያን ቦታ እንዴት እንደተመኘሁት የሚገባችሁ ሥራዬን ስነግራችሁ ነው። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ላይ ቆሜ ጆንያ እመዝን ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ነጭ እሆናለሁ። ሰፈርተኛው ስሜን ትቶ "ዱቄቱ" ይለኛል። ሴቶቹ ይህን ሲሉ አብረው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በመንገድ ላይ "ጊታሪስቱ!" ብሎ ቢጠራኝ ሌላ ነገር ከዓለም አልጠይቅም ነበር። መጫወት ትችል ነበር ወይ? ብትሉኝ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ክራር እነካካ ነበር። የነካካሁት ክራር ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው አይስማማም ይባላል።

ደግሞ ቦታው ባለቤት ነበረው። ከገንደ ቆሬ ሰፈር የሚመጣ አንድ ቀጫጫ ወጣት ነበር፤ ሆዱ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተለጠፈ የእንጨት ጊታር ይዞ። እሱ ሲጫወት ከበሮ መቺዎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ጆሮ ያለው ሁሉ ቦታው የእሱ መሆኑን ያውቃል። ሊቀመንበሩ ግን ጆሮ አልነበረውም፤ የነበረው አፍ ነው።

"ይሄ የፊውዳል ሳጥን ነው" አለው የልጁን ጊታር እያየ። "አብዮቱ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው! ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የመጣ ጓድ ቦታው የእሱ ነው።"

ቀጫጫው ጊታሩን አቅፎ ሳቀ። እኔ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሮጥኩ።

አክስቴ በጅቡቲ መስመር ኮንትሮባንድ የምትነግድ፣ ከሽቶ እስከ ራዲዮ በቀሚሷ ሥር የማታሳልፈው ነገር የሌላት ሴት ነበረች። "ኤሌክትሪክ ጊታር አምጪልኝ" ስላት፣ "አንተ ገልቱ፣ አምፖል መቀየር ሳትችል?" አለችኝ። ግን አመጣች። ያመጣችው ጊታር አልነበረም፤ ጊታር ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። የጅቡቲው ነጋዴ ካርቶን ሙሉ ቁርጥራጭ ሸጦላታል፦ ያልተቀባ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ረጅም አንገት፣ ክር፣ ብሎን፣ ሽቦ፣ ድምፅ የሚለቅሙ ማግኔቶች፣ እና "ቤትህ ገጣጥመው" የሚል የሚመስል ወረቀት። ጠፍጣፋውን እንጨት በፍተሻ ላይ የሥጋ መክተፊያ ነው ብላ አሳለፈችው። አንገቱን ደግሞ በጀርባዋ፣ በቀሚሷ ውስጥ አስራው፣ ከባቡር ስትወርድ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ነበር።

"ፈታሹ ወገብሽን ምን ነካው ሲለኝ ሪህ ነው አልኩት" አለችኝ፣ አንገቱን እየመዘዘች። "አሁን አንተ ይህን ካላስጮህከው፣ እኔ አንተን አስጮህሃለሁ።"

ድሬዳዋን ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። ይህች ከተማ ከቀትር በኋላ ከተማ መሆኗን ታቆማለች። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያሸርጣል፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይይዛል። በርጫ ይባላል። መጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ቀጥሎ ምርቃና ይመጣና ሁሉም መሐንዲስ ይሆናል። በምርቃና ስንት ፋብሪካ ተተክሏል፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስንት ግድብ ተሠርቷል! ጤነኛ ሰው ግን ሕጉን ያውቃል፤ በምርቃና የታሰበ ነገር ሁሉ አመሻሽ ላይ ከገራባው፣ ከጫቱ ትርፍራፊ፣ ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ማንም እጁን አያነሣም። የእኛ ጥፋት አንድ ነው፤ ፒንሳው ከፍራሹ አጠገብ ነበር።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ዕድሜውን በዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን ሲይዝ የኖረ አንድ ጡረተኛ፣ እና አንድ ራዲዮ ጠጋኝ። ራዲዮ ጠጋኙ የጠገነው ራዲዮ ሁሉ ከዚያ በኋላ ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነበር የሚያወራው። ጡረተኛው ደግሞ ከፈረንጅ አለቆች ጋር ስለሠራ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ይላል። ወረቀቱን ሰጠነው። በአንድ ዓይኑ፣ ከዚያ በሌላው አየው። ፊደሉ ቤት ቤት የሚመስል፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር።

"የድሮ ፈረንሳይኛ ነው" አለ።

ሥራው ግን በመጀመሪያ ደህና ሄደ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፤ ቀይ ቀለም ቀባነው። ራዲዮ ጠጋኙ ሽቦውን በየደው፤ ከድሮ ራዲዮ ጋር ስናያይዘው ጊታሩ ሳይነኩት ያጉረመርም ጀመር፤ "ሕይወት አለው!" ብለን ተቃቀፍን። አንገቱን በካቻቢቴ አጥብቀን ስናበቃ ጡረተኛው በላዩ ላይ ተጋድመው የተሰደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ ሙዚቀኞች ፍሬት የሚሏቸውን፣ በጣቱ አንድ በአንድ ነካካ። ምርቃናው ያን ጊዜ አናቱ ላይ ነበር።

"ዋሪያ፣ እነዚህ ብረቶች እስከ ወገቡ ስንት ናቸው?" አለኝ።

"አሥራ ሁለት።"

"የእኛ ትዝታ ቅኝት ስንት ድምፅ ነው?"

"አምስት።"

"ታዲያ ሰባቱ የማን ናቸው?"

አቤት ጥያቄ! ከዚያ የጠለቀ ነገር በሕይወቴ የሰማሁ አልመሰለኝም።

"አቦ እውነቱን ነው እኮ" አለ ራዲዮ ጠጋኙ፣ ቀስ ብሎ። "ትርፍ ቤት ተወርሶ የለም? ትርፍ ፍሬት ምን ይሠራል?"

"ፈረንጅ ብረት ስለተረፈው ይሰድራል" አለ ጡረተኛው። "ጣትህ የሚሳሳተው ለምን መሰለህ? መሳሳቻ ቦታው በዝቶብህ ነው። መሳሳቻውን ንቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ብትፈልግስ የት ትሳሳታለህ?"

ይህን የመሰለ ድድብና በሦስት ጭንቅላት ተባብሮ ሲወለድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ በእርግጥ በኋላ ብዙ ስብሰባ ተሰብስቤያለሁ። ግን አንጀቴን የበላው የመጨረሻው ቃል ነበር። መሳሳት የማይችል ጊታር! እንደ እኔ ላለ ሰው ሌላ ምን ጊታር ይፈጠራል? ፒንሳውን ያነሣሁት እኔው ነኝ። ሰባቱን አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ እንጨቱ እየተፋቀ ሲጮህ ሁለቱ "አብሽር! አብሽር!" ይሉኛል። የቀረውን ጎድጓዳ ኮላና ዱቄት ለውሰን ደፈንነው። ዱቄቱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ከኪሴ አራግፌ።

ከዚያ ስድስቱንም ክር አንድ ድምፅ ላይ ቃኘናቸውና ከላይ እስከ ታች ጣቴን አወረድኩ። ትዝታ ወጣ። ምንም ሳልችል ትዝታ ወጣ! ጡረተኛው አለቀሰ። አክስቴ እንኳ ከጓሮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ "ምነው፣ ይሄ ነገር ሌላ አያውቅም እንዴ?" አለች። ሴት ነገር አይገባትም ብለን ተሳሳቅን።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መጥቶ ሰማ። ትዝታ ይሁን የባቡር ጥሩምባ አይለይም፤ ግን ሽቦውን አየ፣ ቀይ ቀለሙን አየ፣ ጊታሩ ማጉረምረሙን ሰማ። በቃው። ያኔውኑ ለበላይ አካል "ቀበሌያችን በራሱ ጥረት ኤሌክትሪክ ጊታር አመረተ" ብሎ ሪፖርት አደረገ። ቦታውም የእኔ ሆነ።

ልምምድ ገባን። የኪነቱ መሪ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ነበር፤ በማርሽ ባንድ ውስጥ ያረጀ፣ ሲቆጣ እንኳ በምት የሚቆጣ ሰው። ለአብዮት በዓል የተዘጋጀው ማርሽ ነው። ጀመርን። ሁለት እርምጃ እንደሄድን እጁን አነሣ።

"ፋ ስጠኝ" አለኝ።

ጊታሩን አየሁት። ማርሽ በትዝታ አምስት ድምፅ አይሄድም፤ ከዶ-ሬ-ሚው ውስጥ ትዝታ የሌለውን ፋም ይፈልጋል፣ ሲም ይፈልጋል። ይህን የዛሬ ሕፃን ያውቃል። እኔም ልክ በዚያች ደቂቃ አወቅሁ።

"ፋ የለም።"

"እንዴት የለም? እሱም እንደ ስኳር በኩፖን ሆነ?"

"ነቅለነዋል።"

"ማነው የነቀለው?"

"እኛ። በርጫ ላይ።"

አኮርዲዮኑን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠ። አንገቱን አጎንብሶ ጊታሩን እንደ ሐኪም መረመረ፤ ዱቄቱን በጥፍሩ ጫረ፤ ቀመሰው። "ሲስ?" አለ በመጨረሻ።

"ሲም አብሮት ሄዷል።"

ቀጫጫው ወጣት ጥግ ይዞ ያይ ነበር፤ በሳቅ ሆዱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተንሸራተተ። የሆነ ሆኖ ማርሹን በእኔ ጊታር ሞከርነው። ሁለት ደረጃው ከተሰበረበት መሰላል የሚወርድ ሰካራም ይመስል ነበር። የተነቀሉትን እንመልሳቸው ብንል ብረቶቹን ራዲዮ ጠጋኙ ለሌላ ራዲዮ ተጠቅሞባቸዋል። ያ ራዲዮ እስከ ዛሬ የሚያወራ አይመስለኝም።

ሊቀመንበሩ ተጠራ። ነገሩን አስረዳነው። ሳይገባው ወሰነ።

"ሪፖርቱ ሄዷል፣ ጓዶች። ሪፖርት ከሄደ በኋላ ፋ የለም ብሎ ነገር የለም። ይህ ጓድ ጊታሩን ይዞ ከፊት ይቆማል። ያ ጓድ" አለ ወደ ቀጫጫው እየጠቆመ "ሳጥኑን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ፣ ማይክሮፎን አጠገብ ይጫወታል።"

ቀጫጫው እንቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እንቢ እል ነበር፤ ማለትም የምችል ብሆን። እሱ ግን ጠጋ ብሎ እንዲህ ብቻ አለኝ፦ "ዱቄቱ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ጣትህን አታፍጥነው። አልደርስብህም።"

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት ረድፍ ባለ ኮት ባለሥልጣናት፣ ከኋላ በግዴታ የመጣ ሕዝብ። እኔ ሱሪዬ ተተኩሶ፣ ፀጉሬ ተበጥሮ፣ ቀዩ ጊታር አንገቴ ላይ። የጊታሩ የኤሌክትሪክ ገመድ መሬት ለመሬት ሄዶ ከጠረጴዛ እግር ጋር ታስሯል። አኮርዲዮኑ ጀመረ፤ ከመጋረጃው ኋላ ያ የተሰነጠቀ ሳጥን ዘፈነ፤ እኔ ጣቴን አንቀሳቀስኩ። በስመ አብ! እንዴት አምሮ ነበር! ጥቂት እንደሄድን ራሴ የምጫወት መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ጣቴን አፈጠንኩ፣ ልመናውን ረሳሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ከመጋረጃው ኋላ የልጁ ክር ተበጠሰ።

ጊታሩ ዝም አለ። አኮርዲዮን ተጫዋቹም ደንግጦ ዝም አለ። እኔ ግን ጣቶቼ በባዶው ላይ ይሮጣሉ፣ አንገቴ ይነቀነቃል፣ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ በሙሉ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ሊቀመንበሩ ዘሎ ተነሣ። "መብራት ጠፋ!" ብሎ ጮኸ።

አምፖሎቹ ከአናታችን ላይ ቦግ ብለው በርተዋል። ከፊት ረድፍ ያለው ትልቁ ባለሥልጣን ወደ አምፖሎቹ ቀና አለ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ ከዚያ አጨበጨበ። እሱ ሲያጨበጭብ ረድፉ አጨበጨበ፤ ረድፉ ሲያጨበጭብ ሕዝቡ አጨበጨበ። በመጋረጃው ሥር የቀጫጫውን እግሮች አየሁ፤ በሳቅ መሬቱን ይደበድባሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጊታሪስቱ" ሆንኩ። ያለ ፋ፣ ያለ ሲ፣ ያለ ድምፅ። ቀበሌው እስኪፈርስ ድረስ በየበዓሉ ከፊት ቆሜያለሁ፤ እሱ በየበዓሉ ከኋላ ተጫውቷል። ሰዉ ግን አንድም ቀን ወደ መጋረጃው አላየም። ዓይን ያየውን ነው ጆሮ የሚሰማው፤ የማንም ጆሮ ከሊቀመንበሩ የተሻለ እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በቅርቡ ከቀጫጫው ጋር፣ አሁን እንኳን ቀጫጫ አይደለም፣ ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚኒባስ እንሄድ ነበር። አንዲት እኩያችን ሴት ከፊት ወንበር ዞራ አፈጠጠችብኝ።

"ጊታሪስቱ አይደለህም? ወላሂ ነህ! ያኔ በበዓሉ መብራት ጠፍቶብህ እንኳ አላቆምክም። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ!"

የትኛው ድምፅ? ልላት ነበር። ግን ዕድሜ ልኬን የለመንኩት ቃል ነው፤ አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኳት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጥርስ የሌለውን አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ በመስኮት ያይ ነበር። ሚኒባሱ ሲቆም ክርኑን ጎኔ ላይ አሳረፈ።

"ውረድ፣ ዱቄቱ" አለኝ። "ደርሰናል።"