ሳልገለብጣት የቀረችው ታንኳ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ምሕረት ትንሽ ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫዬ ሥር ስታስጠጋው ሳሎኑ በሙሉ የዓሣ ዘይት ሸተተ። መስኮት ልከፍት ብድግ አልኩና መስኮቱ ጋ ስደርስ ለምን እንደተነሣሁ ጠፋኝ። ለንደን፣ ኬኒንግተን አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ የሸተተኝ ጣና ነበር።

ዘይቱ ለማጥመጃ የሚሆን የፕላስቲክ ዓሣ ላይ ይቀባል አለችኝ፣ እውነተኛ እንዲመስል። ምንጣፉ ላይ ዕቃዋን ሁሉ ዘርግታዋለች፤ አንዱ ደንዳና አንዱ ለስላሳ የሆኑ ሁለት ዘንጎች፣ ክር መጠቅለያዎች፣ ክሩን ወደ ታች የሚጎትቱ የዶሮ እንቁላል የሚያካክሉ የእርሳስ ድብልብሎች፣ ዓሣ የሚያማልሉ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ሰሌዳዎች። በሚቀጥለው ሳምንት ከካያክ ክለብ ጓደኛዋ ጋር ካናዳ ልትሄድ ነው። በጥር ብርድ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ኪንግ ሳልመን የሚሉትን ትልቁን ዓሣ ልታጠምድ።

እኔ ከቤት ስወጣ ጋዙን ሦስት ጊዜ ቼክ የማደርግ ሰው ነኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የአራት ዓመት ልጅ ይዤ ለንደን ስገባ እጇን እንደጨበጥኩ ነው፣ እስካሁንም የለቀቅኩት አይመስለኝም። ቴምስ ላይ መቅዘፍ የጀመረች ሰሞን ድልድይ ላይ ቆሜ ስጠብቃት አይታኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች። ስለዚህ ዕቃውን እያየሁ አፌ ላይ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቅሪ። እሷ ግን ምክር ነበር የምትፈልገው።

"ማሚ፣ አያቴ ዓሣ አጥማጅ አልነበር? ካያክ ላይ ሁሉን መጫን አይቻልም፣ ቹዝ ማድረግ አለብኝ። በብርድ ጊዜ ሳልመኑ ታች ነው የሚቀመጠው። እርሳሱ መሬት እስኪነካ ትለቂዋለሽ፣ ትንሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ መቅዘፍ ነው። ዘንጉ እንዳያመልጠኝ ደግሞ ከላይፍ ጃኬቴ ጋር አስረዋለሁ።"

"ከገላሽ ጋር አታስሪው" አልኳት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

አባዬም ልክ እንደዚያ ነበር የሚያጠምደው። ጣና ዳር ባለች መንደራችን ከኅዳር ጀምሮ ውሃው ሲቀዘቅዝ አምባዛ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ አባዬ ከከባድ መኪና የወለቀ የብረት ዳዶ ክሩ ላይ አስሮ ጭቃውን እስኪነካ ይለቅና ሁለት ክንድ ያህል መልሶ ይስበው ነበር። መንጠቆ ሲመርጥ ጫፉን ጥፍሩ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሳይንሸራተት ከያዘ ለራሱ፣ ከተንሸራተተ ለእኔ፣ ድንጋይ ላይ እንድስለው። ሁለት እጁን መቅዘፊያው ስለሚይዝበት ደግሞ የክሩን ጫፍ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ይጠመጥመዋል፤ ዓሣው ሲነክስ ጣቱ ይነግረዋል። እናቴ "ይኼ ሰውዬ ከእኔ ይልቅ የእግሩን ጣት ነው የሚሰማ" እያለች ታሾፍበት ነበር።

ከደንገል የታሰሩ ሁለት ታንኳዎች ነበሩት። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ አንዷ ሐይቅ ላይ ስትውል ሌላዋ ድንጋይ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እስከ ቀትር በጀርባዋ፣ ከቀትር በኋላ በሆዷ። ቀትር ላይ መገልበጡ የእኔ ሥራ ነበር። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትምህርቴም ከአራተኛ አላለፈም፤ ነገር ግን በዚያ ሥራ የኮራሁትን ያህል በደብተሬ ኮርቼ አላውቅም። ፀሐይ የመታው ደንገል እንደ አዲስ ሰሌን ይሸታል፣ ውስጡ ግን ጆሮ ቢያስጠጉበት ውሃው ቀስ እያለ ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ እኔም ትከሻዬን አስደግፌ ስገፋት ተንከባልላ ትዞርልኛለች።

አንድ ቀን ስሄድ ታንኳዋ ሥር አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውሃ ዳር እንሽላሊት፣ ተጋድሞ አገኘሁ። ሁለት ቅርንጫፍ ያላት ምላሱን ብቅ አድርጎ መለሳት፤ እኔ የቤታችንን በር ከኋላዬ እስክዘጋ ድረስ ዞሬ አላየሁም። አባዬ ሲመጣ "ገለበጥሻት?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። አርጃኖ ፈርቼ ነው ብዬ ብነግረው አይቆጣኝም ነበር፤ ይስቃል። የፈራሁት ሳቁን ነው መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ታንኳዋን ውሃ ላይ ሲያሳርፋት ጎረቤታችን አያ ተሰማ በራሱ ታንኳ ጎኑ ነበር። "አንተ፣ ምን አጉርሰሃት አደረች? ወገቧ ውሃ ውስጥ ነው" አለው።

"ልጄ ያደረቀቻት ናት፤ ይልቅ ዓይንህን ታጠብ" አለና አባዬ ዞሮ ጠቀሰኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አሁን እናገራለሁ፣ ያችን ድንጋይ ሲያልፍ እጮኻለሁ እያልኩ ቆሜ ሁለቱም ጣት ጣት አከሉ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ዳር ተቀምጬ ዓይኔን ከነቀልኩ ይሰምጣል ብዬ ሳላርገበግብ ለማየት ስሞክር እንባዬ ይወርዳል፣ እሱን ስጠርግ ደግሞ ይብሳል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። አያ ተሰማ ከነታንኳው ይታየኛል፤ አባዬ ግን ታንኳዋ ከሥሩ እየጠፋች ውሃው ላይ የተቀመጠ መሰለ። ከዚያ እግሩን አንድ ነገር የጎተተው ይመስል አዘነበለ፣ ቀጥሎም አልነበረም። ጮኼ እንደሆን አላስታውስም። የማስታውሰው አሸዋ መጨበጤን ነው፤ ከእጄ እየፈሰሰ ደጋግሜ ስጨብጥ።

የአያ ተሰማን ታንኳ ጭራ ይዞ፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ መጣ። አውራ ጣቱን ክሩ እስከ አጥንቱ በልቶታል። ታንኳዋ ሐይቁ ውስጥ ቀርታለች። ቤት ገብቶ እሳት ዳር እየተንቀጠቀጠ ለእናቴ "እጄ ነው" አላት። "አምባዛው ሲጎትተኝ ታንኳዋን ማዘዝ አቃተኝ። አርጅቻለሁ።"

"ምን ታረጃለህ፣ ቀን ጥሎህ ነው" አለችው። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነበር። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርኩ።

ጣቱ ከዳነ በኋላ ትልልቆቹን መንጠቆዎች ለአያ ተሰማ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ዳር ቆሞ በቀጭን ክር መዳፍ የማይሞሉ ቆሮሶ ዓሣዎችን ያወጣ ነበር እንጂ ወደ ጥልቁ አልወጣም፤ ሁለተኛዋም ታንኳ ማንም ሳይገለብጣት ድንጋዩ ላይ እንደተደገፈች በሰበሰች። ደጅ ሲቀመጥ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ነው። አያ ተሰማ ሲያልፍ "ና እንጂ፣ አምባዛው ናፈቀኝ ብሎሃል" ቢለው "ሽማግሌ አይናፍቅም በለው" ይለዋል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። በአሥራ አምስት ዓመቴ አክስቴ ጋ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ተመልሼ ሁለቱንም ጊዜ ልነግረው አስቤ ሳልነግረው ተመለስኩ። ለሦስተኛው የሄድኩት ለለቅሶው ነው።

ይህን ሁሉ ለምሕረት ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት፤ ከእሷ በፊት የሰማኝ የለም። "ማሚ፣ ልጅ እኮ ነበርሽ" አለች። ከዚያ የዘንጉን ማሰሪያ ከላይፍ ጃኬቷ ፈታችው።

"የት ላድርገው?"

"ጀልባዋ ላይ። ቢላዋ ደግሞ እጅሽ በሚደርስበት፣ ደረትሽ ላይ።"

ለስላሳውን ዘንግ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች፣ ደንዳናውን አስቀረች። ውሃ የማያስገባውን ልብሷን አንሥቼ ዚፑን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ዳሰስኩት። ቅሪ የሚለው ቃል አሁንም እዚያው ነው፤ ግን ጀርባውን ለውሃ ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚታይ ስለማውቅ አላልኳትም። የምትመለስበትን ቀን እንድትጽፍልኝ ብቻ ለመንኳት።

ስትጽፍ ቀና አለችና "አያቴ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?" አለችኝ።

አስቤው አላውቅም ነበር። በልጅነት ዓይኔ ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው፤ ራሱም ብሎታል። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ዛሬ እኔ በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሮጬ እሳፈራለሁ።