ለእናቴ ክኒን፣ ለጎረቤታችን ኬሞ

እናቴ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ሳል አልለቅ ብሏት አዲስ አበባ ስንወስዳት ግን የሳንባ ካንሰር ተገኘባት፤ ተሰራጭቷልም አሉን። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ በዚሁ በሽታ ታመው እዚያው ሆስፒታል ኬሞቴራፒ ጀመሩ። ከእናቴ ሳንባ የተወሰደው ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችላት።

እናቴ ደነገጠች። "ለጎረቤቴ ያን የመሰለ መድኃኒት በደም ሥር እየሰጣችሁ ለእኔ ክኒን? ተስፋ ቆርጣችሁብኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም እማማ" አለች ሐኪሟ። "የእርስዎን ካንሰር የሚያሳድገው የዘረመል ለውጥ ተገኝቷል፤ ክኒኑ እሱን ለይቶ ይመታል። እሳቸው ላይ ይህ ለውጥ ስለሌለ የሚሻላቸው ኬሞው ነው። ሁለቱም በሽታውን ጨርሰው ባያጠፉትም ዕድሜ ይሰጣሉ።"

ክኒኑ ፊቷን በሽፍታ ሞላው፤ ሳሉ ግን እየቀነሰ ሄደ። ጎረቤታችንም ፀጉራቸው ረግፎ ምግብ ካስጠላቸው በኋላ ትንፋሻቸው ተመለሰ። አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩ።

"ዛሬ መጋላ አትወጪም እንዴ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ እወጣለሁ ጋሼ" አለች ሻሿን እያሰረች።

እኔ ቅመሙን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። የማን መድኃኒት እንደሚብስ እየተከራከሩ፣ ቀስ እያሉ ዳገቱን ወጡት።